የሮዜታ ልደትና የደምለው በርኖስ

ጣልያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ፣ የካፒቴኑ ሚስት ለልጇ ድግስ ልትደግስ ነው፣ ልብስ ሰፊም ትፈልጋለች የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። ወሬው ከልብስ ሰፊዋ ከየብርጓል ጆሮ በደረሰ ማግስት የካፒቴኑ አስተርጓሚ ገብረ ኪዳን ራሱ መጥቶ ከደጇ ቆመ።

የብርጓል ከጦርነቱ በፊት ባሏ ደምለው በበቅሎ አስጭኖ ባመጣላት የስፌት መኪና የካህናት ካባ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የባላባት በርኖስ እየሰፋች ስሟ በአገሩ የታወቀ ነበር። ጣልያን ሲገባ ደምለው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ፤ እሷ አንድ ልጇን ጤናዬን ይዛ ከተማ ቀረች። ባልሽ የት ነው ላላት ሹም ሁሉ «ሽሬ ዘምቶ በዚያው ቀረ» ትላለች። ጎረቤቱ እውነቱን ያውቃል፤ ግን አንድም ሰው አፉን አልከፈተባትም።

ስለዚህ ገብረ ኪዳንን ከደጇ ስታይ ስለ ባሏ ሊጠይቃት የመጣ መሰላት። ሰውየው የደምበጫ ተወላጅ ሲሆን ቋንቋውን የተማረው በልጅነቱ አሥመራ ወርዶ ነው። ለጣልያን ስላደረ ሕዝቡ ያማዋል እንጂ ሰው አስይዟል የሚል ግን አልተገኘም። የመጣበትን ሲነግራት ትንፋሿ መለስ አለ። አልችልም ማለት እንደማይቻል ሁለቱም ያውቁ ስለነበር እሷም አልተግደረደረች፣ እሱም አልለመናትም።

ሲኞራዋ፣ የካፒቴኑ ሚስት፣ ብርድ የማይለቃት ቀጭን ሴት ነበረች፤ የደብረ ማርቆስ ነፋስ ገና አልተዋሐዳትም። ልጇ ሮዜታ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። በአገራቸው ከጾም በፊት ባለው ሰሞን ልጆች የሌላ ሰው ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ቀብተው የሚጫወቱበት ወግ አለ፤ የሮዜታም ልደት ከዚያው ሰሞን ስለሚገጥም ሁለቱ አንድ ላይ ይደረጋሉ አለች። የጣልያኖቹ ጥቂት ልጆችና የከተማው ሰው ልጆች ከትንሽ እስከ ጎረምሳ ተጠርተው እያንዳንዳቸው አንድ ነገር መስለው ይመጣሉ። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ አዝማሪ፣ አንዷ ቢራቢሮ። የለበሱትንም ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ፤ ስጦታቸው ነው። ሲኞራዋ ይህን ስትናገር ብርዱም የተዋት ይመስል ነበር። የልብሱን ዓይነት ሁሉ በወረቀት ሥላ አሳየቻት።

የብርጓል እያደመጠች ገረማት። እሷ የምታውቀው ልደት የጌታንና የእመቤታችንን ነው። ጤናዬን የወለደችው ደመራ በተተከለበት ሰሞን መሆኑን ታስታውሳለች እንጂ ቀኑን ቆጥራ ለልጇ ደግሳ አታውቅም። ሆኖም ሥራው ደስ የማይል አልነበረም። ከአሮጌ የወባ አጎበር የቢራቢሮ ክንፍ አወጣች፤ ከቀይ መጋረጃ የንጉሥ ካባ ቆረጠች። ሮዜታ የጎጃም ሙሽራ ልሁን ብላ ስላስቸገረች ጥቁር ካባ በወርቅማ ክር ጠልፋ ሰፋችላት። ሮዜታ ካባውን ስትለካ ከጤናዬ ጋር በምልክት እያወሩ ሲስቁ አይታ፣ ልጇ እንዲህ ከሳቀች ስንት ጊዜ እንደሆናት አሰበች።

ነገሩ የተበላሸው ካፒቴኑ ሐሳብ ሲጨምርበት ነው። በድግሱ መጨረሻ «የሽፍታ አደን» የሚባል ጨዋታ ይሁን አለ። አንዱ ጎረምሳ ሽፍታ መስሎ ከግቢው ባሕር ዛፍ ውስጥ ይደበቃል፤ ሌሎቹ የእንጨት ጠመንጃ ይዘው አድነው ያገኙታል፤ ሲተኩሱበት ወድቆ ይሞታል። ለሽፍታነቱ የተመረጠው እንዳላማው የሚባል ለጣልያን የገባ የአንድ ባላባት ልጅ ነው። ልብሱ እውነተኛ እንዲሆን ካፒቴኑ ከጦሩ ዕቃ ቤት የተማረከ ልብስ ያለበት አንድ ሣጥን አስመጣ።

ከሣጥኑ እንድትመርጥ ሰጧት። ሲኞራዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ገብረ ኪዳን መስኮቱ ዘንድ ቆሟል። የብርጓል አንድ ጠርዙ የተቃጠለ ለምድ አወጣች፤ ቀጥሎ የቄስ ጥምጥም፣ ቀጥሎ የተቀደደ ጃኖ። የማን እንደሆነ ላለማሰብ እየጣረች እያራገፈች ታስቀምጣለች። ከታች አንድ ጥቁር በርኖስ ወጣ።

እጇ ከዓይኗ ቀድሞ አወቀው። አንገቱን ገለጥ ብታደርገው በውስጥ በኩል የራሷ የሠርግ ቀሚስ ጥለት ቁራጭ ተሰፍቶበታል፤ ደምለው በረሃ ሊወርድ ሲል ክታቡን እንዲይዝበት ብላ የሰፋችው ኪስ ነው። ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ዙሪያው ታጥቧል፤ ግን ሱፉ ጠንክሮ ቀርቷል።

ሲኞራዋ አንድ ነገር ተናገረች። ገብረ ኪዳን፣ ይህ ለእንዳላማው ይሆናል ግን ስለሚረዝም ከጉልበቱ ላይ ይቆረጥ ብላለች አለ። የብርጓል እንደ ገባት ራሷን ነቀነቀች። ብታለቅስ ባሏ ከሽፍታ ጋር እንደነበር በራሷ አፍ መመስከሯ ነው። ሽሬ የቀረ ሰው በርኖሱ ከጎጃም በረሃ አይገኝም። ስለዚህ አጣጥፋ ከሌላው ጋር አኖረችውና፣ ይህ ሱፍ መቀስ ሲነካው ይተረተራል፣ ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፌ አሳጥረዋለሁ አለች። ድምፅዋ ደኅና ነበር። ገብረ ኪዳን ሲተረጉም ትኩር ብሎ አያት።

ሲሸኛት ከበሩ ላይ በርኖሱ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው፤ እንዲያው ለወሬ ያህል አስመስላ። ከአምበር በታች በገና በዓል ሰሞን ውጊያ እንደነበረና ዕቃው ከዚያ እንደመጣ ነገራት። ለምን እንደጠየቀች አልጠየቃትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የየብርጓል ኑሮ ጥርስ ነክሶ መዋል ሆነ። ለሞተ ሰው ይለቀሳል፤ ልብሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሙሾ ይወጣለታል። እሷ ግን የባሏን ልብስ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ለጣልያን ልጅ መጫወቻ ታጥፋለች። አንዳንዴ ልብስ ከሰው ተለይቶም ይሄዳል፣ ተሰርቆም ይሆናል ትልና ትጽናናለች፤ ወዲያው ቀዳዳው ትዝ ይላታል። ለጤናዬ አልነገረቻትም። ጾሙ ይግባ፣ ድግሱ ይለፍ፣ ያኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብላ አሰበች። ስትሰፋ ልጅቷን ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ እያለች ታርቃታለች።

በዚህ መካከል የእንዳላማው አባት፣ ልጄ ታሟል ብሎ ላከ። ልጁ በገበያ ሲሮጥ ሰው አይቶታል። ባላባቱ ለጣልያን ቢገባም ልጁ ሽፍታ ሆኖ በአደባባይ ሲገደል ማየት አልሆነለትም፤ ሟርት ነው ብሏል አሉ። ሲኞራዋ ሌላ ብታፈላልግ የሁሉም ልጅ በአንድ ጊዜ ታመመ። ካፒቴኑ ተቆጣ። የብርጓል ይህን ስትሰማ ጨዋታው ይቀራል ብላ ደስ አላት፤ በርኖሱ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል ብላ ደግሞ ከፋት። ከሣጥኑ ከገባ መቼም አታየውም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ጤናዬ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና በርኖሱን ከጉልበቷ ላይ አነሣች። አንገቱን ገለጠች።

«እምዬ፣ ይኼ የአባዬ ነው» አለች። መጠየቋ አልነበረም።

የብርጓል መርፌዋን ሰካች። «መቼ አየሽው?»

«ያመጣሽው ቀን። አንቺ ሳትነግሪኝ እኔ ምን ብዬ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

አንድ ቤት ተቀምጠው አንዷ ከአንዷ ሲደብቁ መሰንበታቸውን የብርጓል ያኔ ተረዳች። ልጅቷን አቅፋ ያለ ድምፅ አለቀሱ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ጤናዬ የእናቷን ነጠላ ነክሳ ነበር። ሲበቃቸው ጤናዬ ፊቷን ጠረገች።

«ሽፍታውን እኔ እሆናለሁ በያቸው። የለበሰ ሰው ይዞት ይሄዳል ብለዋል አይደል?»

የብርጓል እንቢ አለች። ያባትሽን ልብስ ለብሰሽ ሲተኩሱብሽ ቆሜ አላይም አለች። ልጅቷ ግን በዚያ ሳምንት ያደገች መሰለች፤ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ሌላ ሰው ከሚለብሰው እኔ ልልበሰው፣ ከሣጥኑ ከሚገባም ቤታችን ይግባ፣ ልብሱ ሳይኖር አባዬን በምን እናለቅሰዋለን ስትል ሞገተቻት። የብርጓል በዚህ የመጨረሻው ቃል ተሸነፈች። በማግስቱ ለገብረ ኪዳን ነገረችው። ሴት ልጅ ሽፍታ መሆኗ ለሲኞራዋ እንግዳ ነገር ስለሆነባት ይልቁን ወደደችው።

ድግሱ የካቲት በገባ ሐሙስ ሆነ። ግቢው በባለ ቀለም ወረቀት ደምቋል። የንጉሥ ካባ የለበሰው የጣልያን ልጅ ዘውዱ እየወረደ ዓይኑን ይሸፍነዋል፤ ቢራቢሮዋ አንድ ክንፏን ባሕር ዛፍ ይዞባት ታለቅሳለች። ሮዜታ በሙሽራ ካባዋ ተንጎራድዳ ኬክ ቆረሰችና የመጀመሪያውን ለጤናዬ ሰጠች። ጤናዬ ይዛው ቆመች እንጂ አልቀመሰችውም። በርኖሱ ከቁርጭምጭሚቷ ደርሷል፤ ቀዳዳውን የብርጓል በውስጥ በኩል በጥቁር ጨርቅ ደግፋው ስለነበር ለማያውቅ ሰው አይታይም። እናትየው ከአገልጋዮቹ ጋር ከቤቱ ጥግ ቆማ፣ ቶሎ አልቆ እንድትወጣ ስእለት ትሳላለች።

አደኑ ተጀመረ። ልጆቹ የእንጨት ጠመንጃቸውን ይዘው ባሕር ዛፉን ሲያስሱ ጤናዬ አልተደበቀችም፤ ከአንድ ግንድ አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው። ከበቧትና በአፋቸው ተኮሱ። ልጅቷ አልወደቀችም። እንደገና ተኮሱ። ካፒቴኑ ከወንበሩ ሆኖ እጁን ወደ መሬት እያመለከተ ተናገረ።

«ውደቂ ይልሻል» አላት ገብረ ኪዳን።

«አልወድቅም» አለች ጤናዬ። ጮኻ አልነበረም የተናገረችው፤ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማት።

ካፒቴኑ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ገብረ ኪዳን ዞሮ ረጅም ነገር አስረዳው። የብርጓል ከከንፈሩ ላይ ልታነብ ሞከረች፤ ቋንቋውን አታውቅም። ካፒቴኑ ፊቱ ተፈታና ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። በኋላ እንደተነገራት፣ በዚህ አገር ሴት ልጅ በሰው ፊት ከወደቀች ነውር ነው፣ ባል አታገኝም ብሎት ኖሯል።

ነገር ግን በዚህ አላበቃም። ልጆቹ ሲበተኑ ካፒቴኑ እናትና ልጅን አስጠራ። በርኖሱን ከላይ እስከ ታች አየና የልጅቷ አባት የት ነው ብሎ አስጠየቀ። የብርጓል ለሦስት ዓመት የለመደችውን መልስ ጀመረች።

«ሽሬ ዘምቶ በዚያው…»

ስትዋሽበት የኖረችው ሞት አሁን እውነት ሆኖ መጣባት፤ ዕንባዋን ልትመልሰው አልቻለችም። ገብረ ኪዳን የቀረውን ሞላላት። ሲኞራዋ የሴትየዋን ማልቀስ አይታ ባሏን ክንዱን ያዘች፤ ምን እንዳለችው አልታወቀም፤ እሱ ግን እጁን አወናጨፈና ይሂዱ አለ። በርኖሱ ከጤናዬ ትከሻ ላይ እንዳለ ከግቢው ወጡ። ገብረ ኪዳን እስከ በሩ ሸኛቸው።

«ሁለተኛ ልሸፍናችሁ አልችልም፤ ከዚህ ከተማ ሂዱ» አለ ቀስ ብሎ።

ቅዳሜ የአምበር ገበያተኛ መስለው ከከተማው ወጡ። በርኖሱ ከጤፍ ስልቻ ሥር ነው። የስፌት መኪናዋን ለጎረቤት አደራ ብላ ትታዋለች፤ ስትወጣ ዞር ብላ አላየችውም። የደምለው ዘመዶች ከአምበር ዝቅ ብሎ ካለው መንደር ናቸው። እንደደረሱ የመጡበትን ሲናገሩ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ለቅሶ ተቀመጡ፤ በርኖሱ አልጋ ላይ ተዘረጋ፣ አገሩ መጣ።

የዚያ አገር አልቃሽ ሥራነሽ የምትባል ሴት ናት። አንድ ልጇ ባዘዘው ከደምለው ጋር በረሃ ስለሆነ፣ ደምለውን እንደ ወንድሟ ትቆጥረው ነበር። ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ በርኖሱ ፊት ቆማ ወደ የብርጓል እያየች ሙሾውን አወረደችው፦

«ለብርድ ብለሽ ሰፍተሽ ለጥይት የሳሳ፣
በርኖሱ መጣልሽ ባለቤቱን ረሳ።»

ሰዉ ተንሰቀሰቀ። የብርጓል ያንን ሁሉ ጊዜ ያፈነችውን ለቅሶ ያኔ አወጣችው፤ ደረቷን እየደቃች፣ ሰው እየያዛት።

ቄስ ኃይለ ሚካኤል የደረሱት ለቅሶው ሲግም ነው። በረሃ እየወረዱ አርበኞቹን የሚያናዝዙ ካህን ናቸው፤ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው መምጣታቸው ከልብሳቸው አቧራ ይታወቃል። ከአልጋው ላይ የተዘረጋውን ባዩ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ የብርጓልን ከቤቱ ጀርባ አስጠሯት።

«ልጄ፣ የማን ለቅሶ ነው ብለው ነው የተቀመጡት?» አሉ።

«የደምለው ነው እንጂ፣ አባቴ።»

ካህኑ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ደምለው ደኅና እንደሆነ፣ ከበረሃ ሲነሡ የሸኛቸው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገሯት። በርኖሱን ከገና በፊት ለአንድ ወጣት ጓደኛው ሰጥቶት ነበር። ጓደኛውን ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ አይቶ ከትከሻው አውልቆ ነው የደረበለት። በዚያው በአምበሩ ውጊያ ልጁ ወደቀ፤ ሬሳውንም ሳያነሡት ቀሩ። እሳቸው የመጡት ለእናቱ ሊያረዱ ነው።

«ማነው ልጁ?» አለች የብርጓል፤ ልቧ ግን ቀድሞ አውቆት ነበር።

ካህኑ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዳመጡ። ከቤቱ ውስጥ የሥራነሽ ድምፅ ይሰማ ነበር።

የብርጓል እልልታ ሊያመልጣት ሲል በነጠላዋ አፏን አፍና መለሰችው። እዚያች ሴት ቤት ሊወርድ ባለው መርዶ ልቧ እንዲህ መዝለሉ አሳፈራት። ጤናዬን ጠርታ በጆሮዋ ነገረቻት፤ ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከዚያ እሷም እንደ እናቷ አፏን ያዘች።

አብረው ገቡ። ካህኑ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ቤቱን ዝም አሰኙና ነገሩን ሳያጣምሙ ተናገሩ። ሥራነሽ ቆማ ሰማች። ሙሾ ለሰው ስታወጣ የኖረች ሴት ለራሷ አንድ ቃል አላገኘችም። ወደ አልጋው ተጠግታ በርኖሱን ዳሰሰች፤ ጣቷ ቀዳዳውን ሲያገኝ እዚያው ቆየ።

«ይሞቃል?» አለች ወደ የብርጓል ሳትዞር።

«ይሞቃል። ድርብ ነው» አለች የብርጓል።

«እንግዲያ ሳይበርደው ነው የሄደ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዉ ተፋጠጠ፤ በአልቃሽዋ ፊት ሙሾ ለማውረድ የደፈረ አልነበረም። የብርጓል ድምፅ የላትም፤ በሕይወቷ ሙሾ አውጥታ አታውቅም። ቢሆንም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ክንዷን በክንዷ ይዛ፣ ባዘዘውን በስሙ እየጠራች ጀመረች። ቃሉ የተሰባበረ፣ ዜማውም የጎደለ ነበር። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተቀበሏት። ቀደም ሲል ለደምለው የታጠቁት መቀነት ሳይፈታ ለቅሶው ለባዘዘው ዞረ። በርኖሱን ሲመሽ ሥራነሽ ይዛው ሄደች።

የብርጓል ወደ ከተማ አልተመለሰችም። በኋላ ሲኞራዋ ሌላ ልብስ ልታሰፋ ስታስፈልጋት ገብረ ኪዳን፣ ዘመድ ሞቶባት አገሯ ገብታለች እንዳላት ተሰማ። መኪናዋን ጎረቤቷ ቆይቶ ሸጠው፤ እሷም በእጇ መስፋት ለመደች። ሥራነሽን በየሰንበቱ ትጠይቃታለች። ሁለቱ ሲቀመጡ ስለ ጾሙና ስለ ከብቱ እንጂ ስለ በርኖሱ አያወሩም፤ የብርጓል ግን በዚያች ሴት ፊት ቀና ብላ ማየት ያቅታት ነበር።

ደምለው ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሰው ጋቢ ደርቦ ከች አለ። ጤናዬ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለችው። የብርጓል የሆነውን ሁሉ፣ የልደቱን ድግስም የለቅሶውንም ነገር ስትነግረው መሬት መሬት እያየ ሰማ። ምሳ አቀረበችለት። እሱ ግን እጁን ሳይታጠብ ተነሣና ሥራነሽ ቤቷ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ጤናዬ አብሬህ እሄዳለሁ ብላ ቀድማው ወጣች፤ የብርጓልም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው።